የአነስተኛ ነጋዴዎች የሂሳብ ዝግጅትና የግብር ወቅት በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል። በሀዲያና በከምባታ ዞኖች ከተሞች የሚሠሩ አነስተኛ ነጋዴዎችም ዓመታዊ ሂሳባቸውን ዘግተው ግብራቸውን የሚያስታውቁት ከዚሁ በኋላ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልል ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሉ ነው። አካባቢው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሲሆን፣ የክልል የግብር ሕጎች በአብዛኛው የፌዴራሉን ድንጋጌ መነሻ ያደርጋሉ።

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዮችን “ሀ”፣ “ለ” እና “ሐ” በሚል በሦስት ደረጃዎች ከፍሎ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተካሄደው የቀን ገቢ ግምት ግን በበርካታ የአገሪቱ ከተሞች ከፍተኛ ቅሬታ ማስነሳቱ ይታወሳል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደረጃዎቹ ወደ ሁለት ዝቅ ብለዋል። ድርጅቶችና ዓመታዊ ሽያጫቸው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰቦች በደረጃ “ሀ”፣ ከዚያ በታች ያሉት በደረጃ “ለ” ይመደባሉ። የደረጃ “ለ” ግብር የሚሰላው በጠቅላላ ሽያጭ ላይ በመሆኑ፣ ትክክለኛ የሽያጭ መዝገብ ለነጋዴውም ለሠራተኛውም ዋነኛው ማስረጃ ነው።

በገበያ ቀን ቅቤ፣ ቆጮ ወይም እህል የሚነግድ ሰው ሽያጩ ከቀን ወደ ቀን ስለሚለያይ፣ የአንድ ቀን ምልከታ የዓመቱን ገቢ አያሳይም። የዕለት ሽያጩ በየቀኑ ሊመዘገብ፣ የግዥ ደረሰኙም በወር በወሩ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል። ሰኔ 30 ቀን በመደብሩ ያለው ዕቃ ይቆጠራል፤ የዱቤ ተሰብሳቢና ተከፋይም ተለይቶ ይያዛል። ሠራተኛ የቀጠረ ነጋዴ የደመወዝ ዝርዝሩን፣ የሥራ ግብሩንና በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተደነገገውን የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም ከአሠሪው 11 ከመቶ፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አያይዞ ያቀርባል።

ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎች አገሮች ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ለአካባቢው ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። ይህ ገንዘብ ከሱቁ ሽያጭ ጋር በአንድ የባንክ ሂሳብ ከተደባለቀ ከሽያጭ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የተለየ ሂሳብ መክፈትና የባንክ ማስረጃውን መያዝ ይመረጣል። የዕቁብ መዋጮም ቁጠባ እንጂ የንግድ ወጪ አይደለም፤ ዕጣው ሲወጣም ሽያጭ ተብሎ አይመዘገብም።

መዝገብ በማይኖርበት ጊዜ ባለሥልጣኑ ግብሩን በግምት ይወስናል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የውሳኔው ማስታወቂያ የግብሩን መጠን፣ የመክፈያውን ቀንና የቅሬታ አቀራረቡን መግለጽ አለበት። ነጋዴው ቅሬታውን ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ኃላፊነት የራሱ ነው። ሰነዶቹንም ቢያንስ ለ5 ዓመታት መጠበቅ ይኖርበታል።

በመሆኑም የገቢዎች ሠራተኞች ነጋዴውን ስለ መዝገብ አያያዝ የሚያስተምሩት ከሰኔ ወር አስቀድመው ቢሆን፣ ግምትና ቅሬታ ይቀንሳል፤ የከተሞቹም ገቢ በማስረጃ ላይ ይመሠረታል።