መምህሩን ማን ያስተምረው?

በአገራችን የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የማስተማር ሥነ ዘዴ መማር፣ ትምህርት ቤት ወርዶ መለማመድ ግድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ግን ለረጅም ዘመን የሚጠየቀው ጥሩ ውጤት ብቻ ነበር። በሰኔ የተመረቀው ልጅ ረዳት ምሩቅ ተብሎ በመስከረም ጠመኔ ይጨብጣል። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው። አዲሱ መምህር እንዴት እንደሚያስተምር የሚነግረው የለም፤ እሱን ያስተማሩት ያደረጉትን እያስታወሰ ያንኑ ይደግማል።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከቤተ ክህነቱ ትምህርት አይመስለኝም። እዚያ ማስተማር የመማሩ አካል ነው። ነባሩ ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ የኔታ አጠገቡ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ሲስት እዚያው ይታረማል። መምህር የሚወጣው ሲያስተምር እየታየ ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር መሪዎቹ የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ከውጭው ዓለም ሌክቸሩንና ፈተናውን ስንወስድ፣ ዲግሪ ያለው ሁሉ ማስተማር ይችላል የሚለውን እምነትም አብረን ወሰድን። እምነቱ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችም ለብዙ ጊዜ የኖሩበት ነው።

ጉድለቱ ፈጦ የወጣው ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ክፍል የሚሞላ መምህር በአንድ ጊዜ ከየት ይምጣ? ትናንት የተመረቀው ገባበት።

በዚህ መሀል ነው ኤችዲፒ የመጣው። ከፍተኛ ዲፕሎማ የሚሉት ይህ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 በትምህርት ሚኒስቴርና ቪኤስኦ በተባለው የእንግሊዝ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ትብብር ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው መምህራንን ለሚያሠለጥኑ መምህራን ነበር፤ ኋላ ወደ ሌሎቹም ተዛመተ። ሠልጣኙ ሥራውን ሳይለቅ አንድ ዓመት ይማራል። አሳታፊ ዘዴ፣ ምዘና፣ ከራሱ ክፍል የሚነሳ ተግባራዊ ምርምር አለው። መጨረሻ ላይ ያደረገውንና ያሰበውን የያዘ ማኅደር ያቀርባል። በእኔ ዕይታ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፦ ባልደረባ ክፍልህ ገብቶ ሲያይህ፣ አንተም እሱን ስታይ። ሳይታወቅ የየኔታ ልማድ በውጭ ስም ተመለሰ።

ታዲያ ምን ሆነ? ሠርተፊኬቱ ግብ ሆነ። ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ተቆጠረ፤ ክፍል ውስጥ ምን ተለወጠ የሚለው ግን ለመቁጠር አይመችም። መቶ ተማሪ ባለበት፣ ወንበሩ ከወለል በተበየደበት አዳራሽ የቡድን ውይይት አድርግ የተባለ ሰው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። የማዕረግ እድገት ሲነሳ ደግሞ ቀድሞ የሚጠየቀው የታተመ ጽሑፍ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሴሚስተር መጨረሻው ምዘና ነው። ተማሪው፣ ባልደረባውና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ነጥብ ይሰጣሉ። ባልደረባው ግን ብዙ ጊዜ አንድም ቀን ክፍሉ ገብቶ አላየውም። ምኑን አይቶ ነው ነጥብ የሚሰጠው? በሻይ ሰዓት ጨዋታውን?

መምህርን ማገዝ ሁልጊዜ ትልቅ በጀትና አዲስ ማዕከል አይፈልግም። አዲሱ መምህር በመጀመሪያ ዓመቱ ግማሽ ሸክም ቢሰጠው፣ አንድ ነባር መምህር በወር ሁለት ጊዜ ክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ቢያየው፣ ከዚያም ቡና ላይ ሁለቱ ብቻ ቢነጋገሩበት ይበቃል። ፎርም አይሞላ፤ ሪፖርት አይላክ። ነባሩ ለዚህ የሚያጠፋው ሰዓት ግን እንደ ሥራ ይቆጠርለት። ያለበለዚያ ዋጋውን የሚከፍለው ከገጠር ቤተሰቡ ተለይቶ የመጣው፣ ሌክቸሩ ያልገባው፣ ግን እጁን ለማውጣት የፈራው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው።