አኒሞን፣ የነፋስ አበባ

አኒሞን ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው፣ ማታ ላይ ተከድና ሲያገኛት ጠወለገች ብሎ ሊጥላት ይችላል። አልጠወለገችም። ይህች አበባ ከተቆረጠች በኋላም ሲመሽና ሲበርዳት ትከደናለች፤ ብርሃንና ሙቀት ስታገኝ መልሳ ትፈካለች። አያያዟን ለማወቅ መጀመሪያ ይህን ጠባይዋን ማወቅ ነው።

ስሟ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «አኔሞስ» ነፋስ ማለት ነው። በአማርኛ «የነፋስ አበባ» ብንላት ያምርባታል፤ ገበያ ላይ ግን ሻጭና ገዢ እንዲግባቡ «አኒሞን» የሚለውን ይዞ መሄድ ይሻላል። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚሰሙት ስም «ካላኒት» ነው። እዚያ በ2013 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ብሔራዊ አበባ ሆና ተመርጣለች፤ በየካቲት ወር የኔጌቭን ሰሜናዊ ሜዳ ቀይ ታለብሰዋለች። የዱሯን መቅጠፍ ሕግ ይከለክላል፤ ደግ ሕግ ነው። በየመደብሩ የምትሸጠው በእርሻ የለማችው ስትሆን ነጭ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊና ሰማያዊም አላት።

ስትገዙ ከአበባዋ ሥር እንደ አንገትጌ የከበባትን አረንጓዴ ቅጠል እዩ። አበባዋ ወደ ቅጠሉ ከተጠጋች ገና ትኩስ ናት፤ ብዙ ከራቀች ከፈካች ሰንብታለች። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ሲጠየቅ ደስ አይለውም፣ እናንተ ግን አትለፉት።

ቤት ስትደርሱ የዘንጉን ጫፍ በተሳለ ቢላ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡ። ማስቀመጫው በደንብ የታጠበ፣ ውኃው ቀዝቃዛና ጥቂት ይሁን፤ ዘንጓ ለስላሳ ስለሆነ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ጥቂት ውኃ ደግሞ ቶሎ ስለሚያልቅ በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። ዘንጉ ከተቆረጠም በኋላ ያድጋል፣ ወደ መስኮቱም ይጎብጣል፤ ማስቀመጫውን አልፎ አልፎ ማዞር ነው። እኔ መጉበጡን እወደዋለሁ፣ እንዲያውም አላዞረውም።

ከፀሐይና ከምድጃ፣ ከሙዝና ከበሰለ ፍራፍሬም አርቋት። ፍራፍሬው የሚያወጣው ኢቲሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያስረጃል። ናርሲስ የተባለው አበባም አዲስ እንደተቆረጠ አብሯት አይግባ፤ ከዘንጉ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ይጎዳታል። እንዲህ ከተያዘች ሳምንት ያህል ትቆያለች። የራሷም ፈሳሽ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል፣ ቆርጣችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።