ድሬዳዋ ሳትወለድ፦ የጀልዴሳ ታሪክ

በግንቦት ወር 1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት መልዕክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር በአዲስ አበባ የተፈራረሙትን ውል ገልጦ የሚያነብ ሰው፣ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ ከዘይላ ተነሥቶ በጀልዴሳ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለሁለቱም አገሮች ንግድ ክፍት ሆኖ እንዲኖር የሚያዝ ቃል ያገኛል። ከዚህም ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር የያዙትን ምድር ሲከፋፈሉ፣ የድንበራቸውን መስመር ከቢዮ ካቦባ በኋላ በጀልዴሳ የሚያልፈውን መንገድ ተከትሎ እንዲሄድ አድርገው፣ መንገዱም ለሁለቱ ነጋዴዎች እንዳይዘጋ ተማምለው ነበር፤ ሐረር ከዓመት በፊት በምኒልክ እጅ የገባች መሆኗን ያላወቁ ይመስል፣ ከሁለታችን ማናችንም አንያዛት ብለው መዋዋላቸውም በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ በለንደንና በፓሪስ ቤተ መዛግብት ስሟ በቀለም የተጻፈ መንደር ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት፤ በድሬዳዋ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻዩን የሚጠጣውን የከተማ ልጅ ጀልዴሳ ወዴት ናት ብለው ቢጠይቁት ግን፣ እጁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከመዘርጋት የበለጠ የሚመልሰው ቃል እምብዛም አይኖረውም።

ጀልዴሳ የተቀመጠችው የሐረርጌ ደጋ ተራሮች ወርደው ወርደው ከሚያልቁበትና የኢሳ ሶማሌ ሜዳ ከሚጀምርበት ወሰን ላይ ነው። ከበስተኋላዋ የኦሮሞ ገበሬ ማሽላውን የሚዘራበት ተረተር አለ፤ ከፊት ለፊቷ አርብቶ አደሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የሚውልበት የግራርና የቁጥቋጦ ምድር እስከ ባሕሩ አቅጣጫ ተዘርግቷል። ከዘይላ ጀምሮ የውሃ ጉድጓድ እየቆጠረ፣ ቀን በሐሩር ሌሊት በሥጋት የመጣ ነጋዴ፣ ከዚህ ሲደርስ ውሃም ጥላም ሰውም ያገኝ ነበርና፣ ስፍራው ንጉሥ ሳይቆረቁረው፣ አዋጅ ሳይነገርለት፣ በገዛ ራሱ መካነ ዕረፍት ሆነ።

ዳሩ ግን መንደሪቱን ያከበራት ውሃው ብቻ አልነበረም። ከዘይላ እስከ ጀልዴሳ ያለው መንገድ የግመል መንገድ ነው፤ ከጀልዴሳ እስከ ሐረር ያለው ደግሞ ቁመቱ ወደ 1,850 ሜትር ወደሚደርሰው አምባ የሚያስወጣ ዳገትና ድንጋይ ስለሆነ፣ በአሸዋ ላይ መርከብ ለመሆን የተፈጠረው የቆላ ግመል እዚያ ላይ እግሩ ይሰንፋል። ስለዚህ የኢሳና የገደቡርሲ ባለ ግመሎች ያመጡትን ጭነት በጀልዴሳ አራግፈው ይመለሱ ነበር፤ ከተራራው ወርደው የሚጠብቁት የኖሌ ኦሮሞ ባለ አህዮችና ባለ በቅሎዎች ደግሞ ተረክበው ወደ ላይ ያወጡታል። አንዱ ግመል የተሸከመው የአቡጀዲ ጥቅል ወይም የሩዝና የቴምር ጆንያ ተፈትቶ፣ እንደ አህያው ጉልበት እየተመጠነ፣ እንደ ገና በጠፍር ይታሰራል፤ ከላይ የወረደው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድም በአንጻሩ ከአህያ ጀርባ ወርዶ ለግመል እንዲመች ሆኖ ይጠቀለላል። በዚህ መፍታትና ማሰር መካከል ሰነፍ ጭነኛ የቀደደው ጆንያ አለ፤ ጎደለብኝ የሚል ነጋዴና አልነካሁም ብሎ የሚምል ባለ ግመል አሉ፤ የኪራዩን ዋጋ ለመቁረጥ እስከ ማታ የሚቀመጥ ሽማግሌ አለ፤ ውሉ የሚነገረው በሶማልኛና በኦሮምኛ፣ በዐረብኛና በሐረሪ፣ ኋላም በአማርኛ ነው፤ ክፍያውም በጠገራ ብር ነው። ሁለት ዓይነት እንስሳ፣ ሁለት ዓይነት ምድርና ሁለት ዓይነት ኑሮ የሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ፣ አስተርጓሚውንና ደላላውን፣ ጠጅ ሻጩንና ሻይ አፍዪውን፣ ከሁሉም በላይ ቀራጩን ሳይጠራ አይቀርም።

በዚያ በረሃ ማንም መንገደኛ ብቻውን አያልፍም ነበር። አባን የሚባል፣ ምድሩን ከያዘው ጎሣ የተወለደ ሰው መያዝ ግዴታው ነው፤ አባኑም ለእንግዳው ነፍስና ለዕቃው በወገኖቹ ፊት ዋስ ሆኖ ይቆማል፤ እንግዳው ቢነካ ነውሩ የአባኑ፣ ደሙም የጎሣው ይሆናል። አውሮፓውያን ጸሐፍያን ይህን ሥርዓት ብዙ ጊዜ እንደ ዘረፋ ቆጥረው አማርረው ጽፈውበታል። እኔ ግን መንግሥትም ፖሊስም ባልነበረበት ምድር ብረትና ጨርቅ የጫነ ቅፍለት በሰላም የሚደርስበት ሌላ ብልሃት ምን እንደ ነበረ የነገረኝ ጸሐፊ አላጋጠመኝም።

በጥቅምት ወር 1868 ዓ.ም. የግብጹ ራውፍ ፓሻ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረርን ሲይዝ፣ ሠራዊቱ የወጣው በዚሁ የነጋዴ መንገድ ነበር። ግብጻውያን ዐሥር ዓመት ያህል ገዝተው በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ፣ ሥልጣኑ በሐረር ለአሚር አብዱላሂ ተሰጠ፤ አሚሩም በባዕድ ነጋዴ ሁሉ ላይ ጥርጣሬው የበረታ፣ የገዛ ገንዘቡን አትሞ ንግዱን ያወከ ሰው ነበር። በሚላኖ የነበረው የንግድ አሰሳ ማኅበር መሪ የሆነው ኢጣሊያዊው ኮንት ፖሮ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሐረር ሲመጣ፣ በሚያዝያ 1878 ዓ.ም. በጀልዴሳ አቅራቢያ በአሚሩ ሰዎች እጅ ከነተከታዮቹ ተገደለ፤ ይህም ደም ምኒልክ ወደ ሐረር ለዘመቱበት ዘመቻ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በበዓለ ልደት ዕለት፣ በጨለንቆ ጦርነት ሆነ፤ አሚሩም ድል ሆነ፤ ሐረርም ለደጃዝማች፣ ኋላ ለራስ መኰንን ተሰጠች።

ከዚህ በኋላ ነው የጀልዴሳ ዘመነ ክብር የሚጀምረው። ራስ መኰንን የባሕሩ በር ከእጃቸው ውጭ መሆኑን አሳምረው ያውቁ ነበርና፣ ወደ ባሕሩ የሚያስወጣውን የመጨረሻ ኬላ አጥብቀው ያዙ፤ የጀልዴሳና የአካባቢዋም ገዥ ሆነው የተሾሙት አዛዥ መርሻ ናሁሠናይ ነበሩ። ቀረጡን ማስከፈል፣ ከበረሃው ጎሣዎች ጋር መስማማት፣ ከጠረፉ የመጣውን እንግዳ መርምሮ መቀበልና ለሐረር ማስታወቅ የእርሳቸው ሥራ ነበር። ከዘይላም ይሁን ከጅቡቲ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ያልፋል፤ መልዕክተኛው፣ መሣሪያ ሻጩ፣ አዳኙ፣ ካህኑ፣ ሮድም ራሱ ውሉን ሊዋዋል ሲመጣ በዚሁ ነው ያለፈው። ከአድዋ በፊት በነበሩት ዓመታት በሐረር በኩል ከገባው ጠመንጃ ብዙው የዚህችን መንደር አሸዋ ሳይረግጥ እንዳልወጣ ሳስብ፣ ስለ አድዋ ታሪክ ስንጽፍ የግመሉን ባለቤትና የአህያውን ነጂ መዘንጋታችን ይከነክነኛል።

ካለፉትም መካከል አንዱ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ይህ ሰው ቅኔውን በጉብዝናው ትቶ፣ በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ለአንድ የኤደን ቤተ ንግድ ወኪል ሆኖ ሐረር የገባ፣ ቡናና ቆዳ የሚገዛ ነጋዴ ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ የወረደው ግን በእግሩ አልነበረም። በመጋቢት መጨረሻ 1883 ዓ.ም. ጉልበቱ አብጦ፣ በቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውት ከሐረር ወጣ፤ በሕመሙ መካከል በያዛት አጭር ማስታወሻም በላዋ ከተባለው ስፍራ ሲወርዱ ስላየው ሥቃይ፣ ጀልዴሳ ከደረሱም በኋላ በዐሥር ሰዓት ስለ ወረደባቸው ዶፍ፣ ሌሊቱንም ስለ ነበረው ጤዛና ብርድ ጽፎ ይገኛል። በኅዳር 1884 ዓ.ም. በማርሴይ ሞተ። ሐረር ዛሬ በስሙ የተሰየመ ቤት አላት፤ እንግዳም ከባሕር ማዶ ያን ቤት ሊያይ ይመጣል፤ በዝናብ የተደበደበባትን ጀልዴሳን ግን ወርዶ የሚያይ የለም።

የመንደሪቱ ፍጻሜ ግን ከሰይፍ አልመጣም፤ ከብረት ሐዲድ መጣ። ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን መሐንዲሶቹ ወደ ሐረር አምባ ሐዲድ ማውጣት የሚጠይቀውን ወጪ ባዩ ጊዜ ተራራውን ትተው፣ ወደ ሸዋ ለመቀጠል የሚመቸውን የእግረ ተራራ ሜዳ መረጡ። ከጀልዴሳ ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብሎ፣ በአዲጋላና በሽንሌ አድርጎ፣ 310 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው ባቡር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ፤ ያም ስፍራ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ኋላ ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ። ቅፍለቶች ግመሉን በአህያ ለመለወጥ በጀልዴሳ የሚቆሙበት ምክንያት በአንድ ጊዜ አለቀ፤ ዕቃው በፉርጎ ተጭኖ እስከ ተራራው ግርጌ ይደርሳልና። ኬላው ወደ ድሬዳዋ ሄደ። አዛዥ መርሻም ተከትለው የአዲሲቱ ከተማ የመጀመሪያ ገዥ ሆኑ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ ሱቃቸውን በከዚራና በመጋላ ከፈቱ። ደላላውና አስተርጓሚው፣ ባለ አህያውም ጭምር፣ ወደዚያው አዘገሙ።

የሮድን ውል እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። በጀልዴሳ የሚያልፈው መንገድ እንዳይዘጋ በሁለት መንግሥታት ማኅተም ተረጋግጦ ነበር፤ በእውነትም ማንም አልዘጋውም። ውሉ ከተፈረመ ከስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ መንገዱ ክፍት እንደ ሆነ፣ ሸቀጡ ጥሎት ሄደ። ዘይላም ከጀልዴሳ ጋር አብራ ወደቀች፤ ጅቡቲ የበላችው የዘይላን እንጀራ ነው፣ ድሬዳዋም ያደገችው በጀልዴሳ ድርሻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የመንደሪቱ ታሪክ ለጸሐፊ ብዙ አያወራም፤ ንግድ የሌለው ሕዝብ ወደ ምድሩ ይመለሳልና፣ ጀልዴሳም ወደ ፍየሉ፣ ወደ ግመሉና ዝናም ሲሰጥ ብቻ ወደሚበቅለው ማሽላ ተመለሰች። ዝናሙ ግን በዚያ ቆላ ታማኝ አይደለም፤ ሲቀር ከብት ይፈጃል፣ ሲመጣም ከላይ ዛፉ ከተመነጠረው ተራራ እየተንደረደረ ወርዶ አፈሩን ይወስዳል። የድሬዳዋ ሰው በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ ሲያጠፋ ያየውን ቁጣ፣ የገጠሩ ሰው በየክረምቱ በማሳው ልክ ያየዋል። እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ለውሃ የሚሄዱበት መንገድ፣ ለገበያም ወተትና ፍየል ይዘው ወደ ከተማ የሚወጡበት መንገድ፣ ከቀድሞው የቅፍለት መንገድ የሚለየው አቅጣጫው በመገልበጡ ነው፤ ቀድሞ ዓለም ወደ ጀልዴሳ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ጀልዴሳ አንድ ኩንታል እህል ለመግዛት ወደ ድሬዳዋ ትሄዳለች።

ስለ ወደፊቱ ዕድሏ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ድሬዳዋን ራሷን ይመልከት። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንኳ የባቡሩ ጋራዥና ሠራተኛ ከተማይቱን አቁመዋት ኖሩ፤ አሮጌው ባቡር አርጅቶ እየተንፏቀቀ ሲቆም ግን፣ የባቡር ጣቢያው ሰፈር የለገሃሬ ሰው ያቺን የጀልዴሳን ጽዋ በከፊል ቀመሳት፤ በፉጨቱ ሰዓቱን የሚቆጥር ሰፈር ፉጨቱን አጣ፤ ጡረተኛውም ስለ ፍራንኮ ኢትዮጵያ የባቡር ኩባንያ ዘመን በፈረንሳይኛ እየቀላቀለ ማውራቱን ቀጠለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከመካከለኛው ከተማ ውጭ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ሲከፈት፣ ከተማይቱ የቀድሞ ግብሯን፣ ከባሕር የመጣውን ዕቃ ተቀብሎ መፍታትንና ወደ ላይ መስደድን፣ እንደ ገና ልትይዝ መነሣቷ ነው። ይህ ሥራ በትክክል ቢመረመር የጀልዴሳ ሥራ ነበር። ነገር ግን ኮንቴይነሩ ከወደብ ተነሥቶ በኤሌክትሪክ ባቡርና በአስፋልት እያለፈ፣ ከአሮጌው ኬላ ዘንድ የሚቆምበት ምክንያት አሁንም የለውም።

ስለዚህ ጀልዴሳ ዳግመኛ የንግድ ከተማ ትሆናለች ብሎ የሚያጽናና ሰው ቢኖር እኔ አልሰማውም። የሚቻለውና የሚገባው ሌላ ነው። የከተማይቱ ገበያ ለወተት፣ ለሥጋና ለፍየል ያለው ፍላጎት ሰፊ ነው፤ መንደሪቱ የዘላቂ ውሃ ጉድጓድ፣ የእንስሳ ሐኪምና ክረምት የማይቆርጠው መንገድ ብታገኝ፣ ከድሬዳዋ ጋር ያላት ዝምድና ከልመና ወደ ንግድ ሊመለስ ይችላል። ከላይ ያለው ተራራ በእርከንና በዛፍ ካልተያዘ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት ደለል ሥር ይቀራል፤ ተራራውን የሚያርሰው ኦሮሞና ሜዳውን የሚያሰማራው ሶማሌም በዚህ ጉዳይ እንደ ጥንቱ በአንድ ዛፍ ሥር መቀመጥ አለባቸው።

ሁለተኛው ነገር ወጪው ጥቂት ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ጀልዴሳ ልከው፣ ኬላው የት እንደ ነበረ፣ አባንነት እንዴት ይፈጸም እንደ ነበረ፣ ከባለ ግመሎቹና ከባለ አህዮቹ ልጅ ልጆች አፍ ቢያስጽፉ፣ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮም በስፍራው አንድ የተጻፈበት ድንጋይ ቢያቆም፣ ድሬዳዋ የልደቷን ቀን ስታከብር የወለደቻትን መንደር አብራ ለማሰብ ትበቃ ነበር። ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉ ነውና፣ ይህ ለከርሞ የሚባል ሥራ አይደለም።