ሦስቱ ፈረሶች፦ የስኳር በሽታ ሕክምና ከረኀብ እስከ ሚዛን

የስኳር በሽታ ሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ መድኃኒት ታሪክ ሆኖ ይተረካል። በ1921 ዓ.ም. ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ተገኘ፤ ሕሙማን ከሞት ተረፉ፤ ነገሩም በዚያ አበቃ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ አተራረክ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይነግረናል። የጤነኛ ሰው ቆሽት የደሙን ስኳር በየደቂቃው እየተከታተለ፣ ስኳሩ ሲበዛ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ሲያንስም ይቀንሳል። ሰውየው ቢበላም ቢጾምም፣ ቢሠራም ቢተኛም ሚዛኑ አይዛባም። ይህ ሥርዓት የተበላሸበት ሕመምተኛ ግን ቆሽት በዝምታ ትሠራው የነበረውን ሥራ በመድኃኒት፣ በምግብና በአካል እንቅስቃሴ አማካይነት ራሱ እንዲያከናውን ይገደዳል። ስለዚህ የዚህ ሕክምና እውነተኛ ታሪክ እነዚህ ሦስቱ እንዴት በየተራ እንደ ተገኙና እንዴት በብዙ መከራ እንደ ተጣመሩ የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

በሽታው ጥንታዊ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ፣ የሕሙማኑን የማያቋርጥ ጥምና የሽንት ብዛት፣ የሰውነታቸውንም እየመነመነ መሄድ በጥልቀት ገልጾ ጽፏል። የሕንድ ጥንታውያን ሐኪሞችም በሽታውን በማር ሽንት ስም ያውቁት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1674 የሕሙማኑ ሽንት ጣፋጭ መሆኑን አስታወቀ፤ ማቲው ዶብሰን ደግሞ በ1776 ጣፋጭነቱ ከስኳር የመጣ መሆኑንና ስኳሩም በደም ውስጥ ጭምር እንደሚገኝ አስረዳ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው፣ “ይህ ስኳር ከወዴት ይመጣል? እንዴትስ ይቀነሳል?” የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው መልስ ምግብ ነበር። በ1797 የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ጆን ሮሎ፣ ለአንድ የመድፈኛ መኮንን እህልን የሚከለክልና በሥጋ ላይ የተመሠረተ ምግብ አዝዞለት መሻሻል አየ። ከዚህም የበለጠ ትምህርት የተገኘው ሳይታሰብ ከጦርነት ነው። በ1870 እና በ1871 ፓሪስ በጠላት ተከባ ሕዝቧ በተራበ ጊዜ፣ አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለው ሐኪም የስኳር ሕሙማኑ ሽንት ከስኳር እየጠራ መሄዱን ተመለከተ። ቡሻርዳ ምግብን ከመቀነስ በተጨማሪ ሕሙማኑ ላባቸው እስኪፈስ ድረስ በሥራ እንዲደክሙ ያዝዝ ነበር። በዚህ ዓይነት ሁለቱ መንገዶች፣ ምግብና እንቅስቃሴ፣ ከኢንሱሊን በፊት ከግማሽ ምዕት ዓመት ቀድመው ታውቀው ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ሁለቱ ብቻቸውን የት ድረስ እንደሚያደርሱ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመራራ ሁኔታ ታየ። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም የነበረው ፍሬድሪክ አለን፣ ሽንቱ ከስኳር እስኪጠራ ድረስ ሕመምተኛውን በማስጾም፣ ከዚያም ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ በመመለስ ያክም ነበር። ከሕሙማኑ አንዷ ኤልሳቤጥ ሂዩዝ የተባለች፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ ነበረች። በ11 ዓመቷ በ1919 የታመመችው ይህች ልጅ፣ ከሦስት ዓመት የረኀብ ሕክምና በኋላ ክብደቷ ወደ 20 ኪሎ ግራም ብቻ ወርዶ ነበር። ለአለን ዘዴ ትልቁ ወቀሳ በስኳር ምክንያት መሞት የነበረባቸው ሕሙማን በረኀብ መሞታቸው ነው፤ ትልቁ ምስጋና ግን አንዳንዶቹን ኢንሱሊን እስኪደርስላቸው ድረስ በሕይወት ማቆየቱ ነው።

ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ በ1921 በጋ በውሾች ላይ ምርምራቸውን ጀመሩ። በጥር ወር 1922 ሌናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የተሰጠው የመጀመሪያው መርፌ ጥራት ስላልነበረው አልሠራም። ጄምስ ኮሊፕ አጣርቶ ያዘጋጀው ሁለተኛው ግን የልጁን ስኳር ዝቅ አደረገው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ኤልሳቤጥም ቶሮንቶ ደረሰች፤ ዳነችም፤ እስከ 1981 ድረስ ኖረች። ባንቲንግና ማክሊዮድ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን ድሉ አዲስ አደጋ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የሚፈሩት የስኳርን መብዛት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ኢንሱሊን ሲበዛ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሕመምተኛው ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ አእምሮው ሲሳት ያዩ ጀመር። በመርፌ የገባው ኢንሱሊን ባለቤቱ ምግብ ይብላ አይብላ አያውቅም፤ የተሰጠውን ሥራ መሥራቱን ይቀጥላል። ራሱ የስኳር ሕመምተኛ የነበረውና በ1923 በኢንሱሊን ከሞት የተረፈው የለንደኑ ሐኪም ሮበርት ሎረንስ፣ የአካል እንቅስቃሴ የኢንሱሊንን ኃይል እንደሚያበረታ በ1926 አስታወቀ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም እየሳበ ስለሚወስድ፣ ያው መርፌ በዕረፍት ቀንና በሥራ ቀን አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። በአንጻሩ ደግሞ ሰውነቱ ኢንሱሊን ፈጽሞ ባጣ ሰው ላይ ከባድ እንቅስቃሴ ስኳሩን ከማውረድ ይልቅ ሊያባብሰው ይችላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ የሰበሰበው የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ነው። ጆስሊን የስኳር ሕክምናን ምግብ፣ ኢንሱሊንና እንቅስቃሴ በተባሉ ሦስት ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ መሰለው። ምሳሌው ከቃላት ጌጥ ያለፈ ቁም ነገር ነበረው። አንዱ ፈረስ ብቻውን ቢሮጥ ሠረገላው ይገለበጣልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠረገላ ነጂ ያስፈልገዋል፤ ነጂውም ሕመምተኛው ራሱ እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ስለዚህም ጆስሊን በ1918 ለሕሙማን የሚሆን መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ማስተማርንም የሕክምናው ዋና ክፍል አደረገው።

ነጂው ግን ለረጅም ዘመን መንገዱን አጥርቶ አያይም ነበር። በቤቱ ጥቂት የሽንት ጠብታዎችን ከሰማያዊ መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር አፍልቶ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሸክላ ቀይ መለወጡን ከማየት በቀር መለኪያ አልነበረውም። ሽንት ደግሞ ያለፈውን ይናገራል እንጂ የአሁኑን አይናገርም፤ የስኳርን መውረድማ ፈጽሞ አያሳይም። ኢንሱሊንን ራሱን በደም ውስጥ መለካት የተቻለውም ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ባገኙት ዘዴ ነው። በዚህ ልኬት ሲታይ፣ በጉልምስና ዕድሜ ከሚታመሙት መካከል የብዙዎቹ ደም ኢንሱሊን እንዳላጣ፣ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ እንደሚበዛበት ተረጋገጠ። የጎደለው ኢንሱሊኑ ሳይሆን የሰውነት ታዛዥነት ነበር። በ1950ዎቹ ሥራ ላይ የዋሉት ክኒኖችና የክብደት መቀነስ ጥቅማቸው በዚህ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በደም ጠብታ ስኳርን የሚለካው መሣሪያም ከ1970 በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሕሙማን ቤት ገባ።

ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ እንዳለው ለማረጋገጥ ግን ሰፊ ጥናት ያስፈልግ ነበር። በሰሜን አሜሪካ 1,441 ሰዎች የተካፈሉበትና በ1993 የተጠናቀቀው ጥናት፣ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር አስቀድሞ የዓይን ጉዳት ባልነበረባቸው ላይ የጉዳቱን አደጋ በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ያው ጥናት አደገኛ የስኳር መውረድ ወደ ሦስት እጥፍ መጨመሩንም አልሸሸገም። በ2002 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ለበሽታው በተቃረቡ 3,234 ሰዎች ላይ ተካሂዶ፣ ምግብን ማስተካከልና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ በሽታውን በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን ግን በ31 በመቶ እንደ ቀነሰ አስረዳ። ቡሻርዳ በተከበበችው ፓሪስ ያየው ነገር ከ130 ዓመት በኋላ በቁጥር ተመሰከረለት።

ለእኛ ሐኪሞችና ነርሶች ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ትምህርት ምንድን ነው? ሦስቱን ፈረሶች ለሕመምተኛው ስንሰጠው የሚጓዝበትንም መንገድ ማወቅ አለብን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን የጧት መርፌውን እንደ ወትሮው ቢወጋ ምን እንደሚገጥመው፣ በአጨዳ ወራት ቀኑን ሙሉ የሚደክም ገበሬ መጠኑን ሳይቀንስ ቢቀር ምን እንደሚደርስበት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ ሳንጠይቅ የምንጽፈው ትእዛዝ ጎዶሎ ነው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የሕሙማን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በሠለጠኑ ነርሶች እንዲካሄድ መደረጉ፣ ይህን እውነት የተረዳ ሥራ ነበር፤ ሕመምተኛውን ከሩቅ ከተማ ከመጥራት ይልቅ ወደ መንገዱ መቅረብን መርጧልና።

ቶሮንቶ ሠረገላው ያጣውን ሦስተኛ ፈረስ ሰጠችን። ልጓሙን ለሕመምተኛው ማስጨበጥና አያያዙን ማስተማር ግን በየክፍሉ፣ በየቀኑ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር እንደ አዲስ የሚጀመር የእኛ ሥራ ነው።