ዜድኤክስ 81፦ ፊደላችን ያልገባበት ርካሽ ኮምፒውተር

ዜድኤክስ 81 የእንግሊዙ ሲንክሌር ሪሰርች ኩባንያ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1981 (የካቲት 26 ቀን 1973 ዓ.ም.) ለገበያ ያቀረበው የቤት ኮምፒውተር ነው። ተገጣጥሞ በ69.95 ፓውንድ፣ ገዢው ራሱ እየበየደ እንዲገጣጥመው ደግሞ በ49.95 ይሸጥ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ዋጋው የወረደው ብዙ ነገር ስለተቀነሰበት ነው። የራሱ ስክሪን የለውም፤ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ፕሮግራም የሚቀመጠው በተራ ካሴት ላይ ነው። በቀዳሚው ዜድኤክስ 80 ውስጥ የነበሩት 21 ቺፖች ወደ 4 ወርደዋል። ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው 1 ኪሎባይት ብቻ ነው። ከጀርባው የሚሰካው የ16 ኪሎባይት ተጨማሪ ደግሞ ትንሽ ከተነቃነቀ፣ ሲጻፍ የዋለው ሁሉ ድንገት ይጠፋል።

አማርኛ ይጻፍበት ነበር ወይ? አይጻፍበትም። ፊደሎቹ ፋብሪካ ውስጥ በቋሚ ማኅደሩ የታተሙ ናቸው፤ የእንግሊዝኛዎቹ ትንንሽ ፊደላት እንኳ አልተካተቱም። በዚህ ማሽን አንድ ፊደል 8 ባይት ይይዛል። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ይህም 1,848 ባይት ነው። 1 ኪሎባይት ግን 1,024 ባይት ነው። ስለዚህ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ያለው ገበታ ብቻውን፣ አንድ ቃል ሳይጻፍበት፣ ማኅደረ ትውስታውን ሞልቶ ይተርፋል።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዜድኤክስ 81 18 ዓመት በኋላ።