ኤምቲቲ ምርመራ

ኤምቲቲ ምርመራ በላቦራቶሪ የሚያድጉ ሕዋሳት በሕይወት መኖራቸውን በቀለም ለውጥ የሚገመግም ዘዴ ነው። ቲም ሞስማን በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ዘዴ ቢጫ የቴትራዞሊየም ጨው በሕዋስ ኢንዛይሞች አማካይነት ወደ ሐምራዊ ፎርማዛን በመለወጡ ላይ ይመሠረታል። ፎርማዛኑ በውሃ ስለማይሟሟ በዲኤምኤስኦ ወይም በሌላ አሟሚ ይሟሟና የቀለሙ መጠን በ570 ናኖሜትር አካባቢ ይለካል። ርካሽና ፈጣን መሆኑ ዘዴውን ተመራጭ አድርጎታል፤ የምርመራ ኬሚካል (ሪኤጀንት) ሲመረጥ ግን ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት በትክክል ምን እንደሚለካ ነው። ኤምቲቲ በቀጥታ የሚያሳየው የሕዋሳቱን የሜታቦሊዝም እንቅስቃሴ እንጂ ብዛታቸውን አይደለም፤ ስለዚህ አንድ መድኃኒት ሕዋሱን ሳይገድል ሜታቦሊዝሙን ቢያዳክም ውጤቱ ሞት ይመስላል።

እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉ አንቲኦክሲዳንቶችና አንዳንድ የዕፅዋት ጭማቂዎች ደግሞ ሕዋስ በሌለበትም የቴትራዞሊየሙን ጨው ሐምራዊ ያደርጉታል። መቆጣጠሪያ ናሙና ይህን ሁሉ ያርማል የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ሕዋስ አልባ መቆጣጠሪያ የኬሚካሉን ጣልቃ ገብነት በእርግጥ ያጋልጣል፤ የተዳከመን ሕዋስ ከሞተው ግን አይለይም። ለዚህ በሌላ መርህ የሚሠራ ሁለተኛ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ሽፋናቸው የተጎዳ ሕዋሳትን የሚያቀልመው ትሪፓን ብሉ። ተጨማሪው ወጪ የተሳሳተ ድምዳሜ ተከትሎ ከሚባክነው ያነሰ ነው።