ከትከሻ ወደ ትከሻ፦ ያገለገለ ልብስና ኪነት በደብረ ታቦር ምድር

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ብሂል የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ብሂሉ የሌላውን ጌጥ ተውሶ መታየትን ይነቅፋል፤ ነቀፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ የደብረ ታቦርንና የአካባቢውን ደጋ የልብስ ታሪክ ከኪነት ታሪኩ ጋር አያይዞ ለሚመረምር ሰው፣ ብሂሉ ያልተናገረው ብዙ ነገር ይገኛል። በዚህ ምድር ሌላ ሰው የለበሰውን መልበስ የድህነት ምልክት ብቻ ሆኖ አያውቅም። የማዕረግ፣ የሙያና የትምህርት ምልክትም ነበር። ልዩነቱን የሚያመጣው የልብሱ አዲስነት ወይም አሮጌነት ሳይሆን፣ ከማን ትከሻ ወርዶ፣ በምን መንገድ ተጉዞ፣ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ያንን መንገድ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራም ከእርሷ ሩቅ አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ጋቢና በርኖስ ቅንጦት ሳይሆኑ የሕይወት ዋስትና ናቸው። ጥጡ ከቆላ በገበያ ይመጣል፤ የበጉ ጠጉር ከዚያው ከደጋው ይሸለታል። ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ ይሸምናል። አንድ ጋቢ እስኪደርስ የሚፈሰው ጉልበት የብዙ ሳምንታት ጉልበት በመሆኑ፣ ያረጀ ልብስ የሚጣል ነገር አልነበረም። ጋቢው ሲሳሳ ለልጆች ይተርፋል፤ ከዚያም እራፊ ሆኖ ሌላውን ይጥፋል፤ በመጨረሻም የመብራት ፈትል ሆኖ ያልቃል።

ልብስ እንዲህ የከበረ ሲሆን ልብስ ሠሪው ግን የተናቀ ነበር። በአካባቢው ሽመናን ሙያዬ ብለው ከያዙት መካከል ቤተ እስራኤላውያንና ሙስሊሞች ይበዙ ነበር፤ እነዚህም ርስት የተነፈጉ፣ ወይም በርስት ረገድ እጃቸው ያጠረ ሰዎች ነበሩ። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል። ስድቡ ከዐዋጁም በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

ከተማይቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሱ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በኋላም የራስ ዓሊ መቀመጫ ሆና ቆይታለች። መሳፍንቱ ባሉበት አዝማሪ አለ፤ አዝማሪ ባለበትም የልብስ ሽልማት አለ። ሽልማቱ የሚሰጥበት መንገድ በራሱ ትዕይንት ነበር። አዝማሪው በመሲንቆው ጌታውን ያሞግሳል፤ ጌታውም ልቡ ሲነካ ከትከሻው ያለውን ካባ ወይም ኩታ አውልቆ በጉባኤው ፊት ይደርብለታል። በዚህ ጊዜ አዝማሪው የተቀበለው ጨርቁን ብቻ አይደለም። የጌታውን ስም ጭምር ለብሶ ይወጣል። በየመንደሩ ሲዞር ያ ካባ «ከእገሌ ፊት ቆሜ ተጫውቻለሁ» የሚል የምስክር ወረቀቱ ነው። እንግዲህ በሌላው ልብስ መድመቅ የሚቻልበት አንድ ሙያ ነበረ ማለት ነው። በትናንቱ ጌታ ካባ ተሸልሞ የዛሬውን ጌታ፣ ምናልባትም የትናንቱን ጠላት፣ ማሞገስም በአዝማሪ ዘንድ ነውር አልነበረም። ለጋስነቱ የመኳንንቱ ቢመስልም ኩታው የተፈተለው በማን ጣት፣ የተሸመነው በማን ክንድ፣ ግብሩም የተሰበሰበው ከማን ጎተራ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። ጌታው የሸለመው የራሱን አልነበረም።

ብሂሉ እውነት የሆነበትን ጊዜም ይኸው ከተማ አይቷል። በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ድል ነሡ፤ ዓሊም ሸሹ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ግን ባለ ድሉ ውቤ በተሸናፊው ድንኳን ውስጥ ገብተው ሲደሰቱና ሲጠጡ፣ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። ስለ ውቤ ልጅ ኋላ እንመለስበታለን።

ዛሬ «የግል አለባበስ» የምንለው ነገር በዚያ ዘመን አልነበረም ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። ሁሉም ነጭ ሸማ ለባሽ ከሆነ የግሉ ምርጫ ከወዴት ይመጣል? መልሱ ከጨርቁ ሳይሆን ከአጣጣሉ ነው። አንዱ ሸማ በለባሹ እጅ ብዙ ነገር ይናገራል። በጌታ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን በወገቡ ላይ ያደገድጋል፤ ኩሩው አጣፍቶ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ሐዘንተኛው ጥለቱን አዘቅዝቆ ይለብሳል፤ ዳኛው፣ ተከራካሪው፣ ፍቅረኛው ሁሉም የየራሱ አጣጣል አለው። የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ሳይመን መሲንግ በጎንደር አካባቢ ካካሄደው ጥናት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ጽሑፍ ሸማን «ያለ ድምፅ የሚናገር ቋንቋ» አድርጎ የተመለከተው ስለዚህ ነው። ቋንቋ ደግሞ አሮጌ ቃል አይንቅም። ያገለገለ ሸማ የለበሰ ሰው በአጣጣሉ አዲስ ከለበሰው ልቆ ሊታይ ይችል ነበር።

ይህን ከሁሉ አልቆ ያሳየው የአብነት ተማሪው ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ የቤተ ክርስቲያን ዜማና ቅኔ አገር ነው፤ ጋይንት የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ መገኛ ነው፤ ደቀ መዛሙርት ከየአቅጣጫው ይጎርፉበት ነበር። እነዚህ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ ወይም ከአሥር ቦታ የተጠፈ ድሪቶ ደርበው፣ ቁራሽ እየለመኑ ይማሩ ነበር። ድሪቶ ማለት የብዙ ሰዎች ልብስ ትራፊ በአንድ ላይ ተሰፍቶ የሚለበስ ማለት ነው። ቅኔውስ ቢሆን ከየመጻሕፍቱ የተለቀመን ታሪክና ምሳሌ በሰምና በወርቅ ሰፍቶ የራስ ማድረግ አይደለምን? ከፎገራ ናበጋ የወጡት አለቃ ገብረ ሐና፣ ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ ቢያስታውሳቸውም፣ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም «ተክሌ» የሚባለው ዝማሜ የእርሳቸው ድርሰት ነው። በዝማሜው የነጩ ኩታ ሞገድ ከመቋሚያው ስልት እኩል ይታያል። ልብስ የኪነት መሣሪያ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ውቤ ልጅ እንመለስ። እቴጌ ጥሩወርቅ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ነበሩ። ቴዎድሮስ በአለባበሳቸው እንደ ተራ ወታደር ለመታየት የሚወዱ ንጉሥ እንደ ነበሩ ያዩዋቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው፣ አጠገቧ በምትገኘው ጋፋት መድፍ አሠርተው፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከተማይቱን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ወታደሮች ለማስታወሻ ብለው ልብሳቸውን ከሬሳቸው ላይ ቀደዱ። ከመቅደላ የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። እቴጌይቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጉዞ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። በሐር የተጠለፈው የጥጥ ቀሚሳቸው ግን ባሕር ተሻግሮ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ ሙዚየሙ ከመጋቢት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለተመልካች አሳይቶታል። የለበሰ ሰው ልብስ ያለ ሽልማት፣ ያለ ስጦታ፣ ያለ ውርስ ከትከሻ ሲወርድ ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ ዘረፋ ይባላል። ዛሬ የፈረንጅ አሮጌ ልብስ በቦንዳ ታስሮ ወደ እኛ ሲመጣ የሚያፍር ሰው፣ ከእኛ የሄደው ልብስ በመስታወት ሣጥን እንደሚጠበቅ ቢያስብ ሐፍረቱ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ የወታደር ካፖርትና ካኪ በየገበያው ተሠራጨ። በአዲስ አበባ መርካቶ «ሚሊተሪ ተራ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ዳሩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቡጀዲውን ለአገሬው አቀረበ። የሲንጀር መኪናውን በሱቅ በረንዳ ላይ የዘረጋው ልብስ ሰፊም የዘመኑ ሰው ሆነ። ሳልባጅ ኮት ይጠባል፣ ያጥራል፤ ፊቱ ሲነጣ ተፈትቶ ይገለበጥና ውስጡ ወደ ውጭ ይሰፋል። በዚህ ሰፊ እጅ የማይታወቅ የሩቅ አገር ሰው ኮት የደብረ ታቦር መምህር ኮት ይሆን ነበር። ገበሬውም ካኪ ኮቱን ከቁምጣው ጋር ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርጎ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ገበያ ወጣ። አዝማሪውም እንዲሁ፤ ኮት ከውስጥ፣ ኩታ ከላይ፣ መሲንቆ በእጅ። እኔ ይህንን የደጋውን ሰው እውነተኛ «የባህል ልብስ» ነው ባይ ነኝ፤ ባህል ያገኘውን ለራሱ የሚያበጅ ኃይል ከሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። የጎንደሩ ፋሲለደስና የወሎው ላሊበላ የመሳሰሉት ቡድኖች ለአገራችን ሙዚቃና ውዝዋዜ ያደረጉት አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነው። በ«አዝማሪ» ስም ሲሰደቡ የኖሩ ቤተሰቦች ልጆች «አርቲስት» ተብለው መድረክ ላይ ቆመዋል። ነገር ግን መድረኩ የራሱን ልብስ አዘዘ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ንጣት፣ ሁሉም ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ። ከሸማኔው ጉድጓድ የወጣው ጥበብ ክብር አገኘ፤ ይህ ተገቢ ነበር። ኮት ለባሹ አዝማሪ ግን ከመድረኩ ወረደ። ተመልካቹም ባህሉ በበዓል ቀን ብቻ የሚለበስ፣ በማግሥቱ የሚታጠፍ ነገር ነው ብሎ እንዲያስብ ሆነ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ቢባልም፣ ከጥምቀት ውጭ ያሉት ቀናት ብዙ ናቸው።

በዚያው ዘመን ያገለገለ ልብስ የመጣበትን ሌላ መንገድ በዝምታ ማለፍ አይቻልም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ምክንያት ከውጭ በተላከው ርዳታ ውስጥ ከእህሉ ጋር አሮጌ ልብስ ነበረበት። በዚያ ዓመት በዛሬው ደቡብ ጎንደር በኢብናት መጠለያ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር፤ በሚያዝያ ወር መጠለያው በግዳጅ እንዲበተን ተደርጎ ጎጆዎቹ ተቃጥለዋል። የርዳታ ልብስ የሰጪውን ስም ይዞ አይመጣም፤ የተቀባዩንም ስም የጠየቀ የለም። በአዝማሪው ካባና በዚህ ልብስ መካከል ያለው ርቀት የጨርቅ ርቀት አይደለም።

ዛሬ ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳው በኮንትሮባንድ መግባቱ አልቀረም። በቻይናውያን ርዳታ የተሠራው የወልድያ–ወረታ መንገድ ደብረ ታቦርን ከምሥራቁ ገበያ፣ የጎንደሩ መንገድ ደግሞ ከምዕራቡ ጋር አገናኝቷታል። «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረውም ነጋዴ የከተሜውን አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ዕቃ ለውጦ ለገጠሩ ገበያ ያደርሳል። ክልከላው ምክንያት አለው፤ በርካሽ ቦንዳ ፊት የሸማኔውም የፋብሪካውም ዋጋ አይቆምም። ጥያቄው የእኛ ብቻም አይደለም፤ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሮጌ ልብስ ላይ ቀረጥ ከፍ በማድረጓ፣ አሜሪካ በ2018 የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሰጠችውን ዕድል አግዳለች። ሸማኔውን ከቦንዳው ለመከላከል መነሣት ስለዚህ ቀላል ሙግት አይደለም።

ወጣቱ በበኩሉ ሙግቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በደብረ ታቦር ተማሪው፣ ሠዓሊውና ሙዚቀኛው ሳልባጅ ጃኬት ከእናቱ ነጠላ ጋር አዋሕዶ ቢለብስ፣ ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው የቡሄ በዓል ጅራፉን በዚያው ጃኬት ቢያስጮህ፣ አያቱ በካኪ ኮት ላይ ጋቢ ከመደረባቸው የተለየ ሥራ አልሠራም። በየሙዚየሞቻችን የነገሥታትንና የመኳንንትን ካባ እናያለን፤ ሊታይም ይገባዋል። ከጎኑ አንድ የተገለበጠ የአዝማሪ ኮት ቢሰቀል፣ ከየት እንደ መጣ፣ የትኛው ሰፊ እንዳጠበበው፣ በየትኛው ሠርግ ላይ እንደ ተለበሰ ቢጻፍበት፣ ያንን ሊነግሩን የሚችሉት ሰፊዎችና አዝማሪዎች ገና በሕይወት አሉ።